ሦስት ቀን በሪራ፦ ለፊልም ተማሪዎች የልምምድ ቀረጻ መመሪያ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ለፊልም ተማሪ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ከተማዋን እንደለቀቀ በጥድና በኮሶ መሐል ይጠማዘዛል። ጥቂት ቆይቶ አስታ ይተካቸዋል፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ይጠፋና መንገዱ ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅባራ፣ ትንንሽ ኩሬዎች፣ በስተማዶ ደግሞ በ4,377 ሜትር ከፍታው የኦሮሚያ አናት የሆነው ቱሉ ዲምቱ። ሜዳው ሲያልቅ መሬቱ በድንገት ይቆረጣል። ከታች የሐረና ደን ነው፤ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት አስታ፣ ቀጥሎ ቀርከሃ፣ በቀርከሃውና በደኑ መሐል 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የሪራ መንደር።

ይህ ሁሉ የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። አንድ የተማሪ ቡድን በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት ብርሃን፣ ሦስት ዓይነት ድምፅና ሦስት ዓይነት ቅዝቃዜ ያገኛል። በባሕር ዳርቻ የሚለማመድ የፊልም ተማሪ ብርሃኑና አየሩ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥበት በፍጥነት መወሰን ይማራል። ባሕር ለሌላት አገር ይህን ትምህርት የሚሰጥ ቦታ ካለ ከባሌ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ በታች ያለው ምክር አምስት ወይም ስድስት ሆነው በአንድ ካሜራ ለሚወጡ ተማሪዎች ነው። አጥብቆ የሚይዘው አንድ ነገር ቢኖር ማታ ማታ የሚደረገውን ግምገማ ነው። ቀን የተቀረጸው ጥሬ ዕቃ ነው፤ ተማሪው የሚማረው ማታ ቁጭ ብሎ «ዛሬ ምን አሰብን፣ ምን ወጣልን፣ ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ታሪኩን ከመንገዱ አታሳድጉ

ለሦስት ቀን የአምስት ደቂቃ ታሪክ ይበቃል። ሁለት ቦታ፣ ከሦስት የማይበልጡ ሰዎች፣ አንድ ግልጽ ፍላጎት። ለምሳሌ ከሐረና ማር ይዞ ጎባ ገበያ መድረስ የሚፈልግ ወጣትና ሳነቴ ላይ የሚጠብቀው ጭጋግ። ንግግር ባይኖረውም ይሄዳል። የሐረና ሰው በረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ መስቀል ያውቃል፣ ከሪራ በታች ባለው ሞቃት የደኑ ክፍልም ቡናው ራሱን ችሎ የሚበቅል የዱር ቡና ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ከመምጣት ቦታው ላይ ካለው ሥራ ውስጥ ብትፈልጉት ልብሱም፣ ዕቃውም፣ የእጅ እንቅስቃሴውም በነፃ ይመጣል።

ትንሽ ነገር ይዞ መውጣት ማለት ትንሽ ፊልም መሥራት ማለት አለመሆኑን ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ አሳይቷል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ገና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለ ወደ አገሩ መጥቶ ሲቀርጽ የነበረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋንያኑም ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ይህ ሥራ እስከ ዛሬ በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይታያል። ፊልሙን ከጉዞው በፊት አንድ ላይ እዩት፤ ገበሬዎቹ ሲሄዱ ካሜራው ምን ያህል ጊዜ ሳይቆረጥ እንደሚከተላቸውም ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ሳነቴ ላይ ስትደርሱ ያ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

ወረቀቱ ከካሜራው ይቀድማል

ሳነቴም ሪራም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ስለዚህ ለትምህርት የሚደረግ ቀረጻም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል። ከትምህርት ቤታችሁ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የአባላቱ ስም፣ የዕቃ ዝርዝርና የቀረጻ ቀናት አዘጋጁ፤ ፓርኩን ለሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አቅርቡ። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፤ በዶዶላና በአዳባ በኩል ከመጣችሁ ከሮቤ በፊት መንገዳችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። መግቢያ የሚከፈለውም፣ አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚና ስካውት የሚገኘውም እዚያው ነው። አስጎብኚውን እንደ ወጪ አትቁጠሩት። በሪራ የትኛው ቤት እንደሚገባ፣ የትኛውን ሰው አስቀድሞ ማናገር እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ነው።

ድሮን ካሰባችሁ ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሚፈቅደውም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ለልምምድ ግን ድሮኑን ቤት ብትተዉት ይሻላል። ከሰማይ የተነሣ ሾት ሳነቴን ያሳምረዋል፤ ተማሪውን ግን ከባዱን ጥያቄ ያስዘልለዋል፦ ሰው በቆመበት ከፍታ ሆኖ ይህን ስፋት እንዴት ማሳየት ይቻላል?

ጎባ እደሩ

ሮቤና ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነች። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መጥታችሁ በዚያው ቀን ሳነቴ ላይ ሥራ አትጀምሩ። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትራይፖድ ተሸክሞ አምሳ እርምጃ የሮጠ ልጅ ትንፋሹ በማይክሮፎኑ ውስጥ ይሰማል፣ በእጅ የተያዘ ካሜራም በልቡ ምት ልክ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሌሊት ጎባ ማደር፣ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ ላይ ስትሆኑ ቀስ ብሎ መራመድ ብዙ ያድናል። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ወይም ሰውየው አካሄዱ ከተዛባ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ቀረጻ በመሐል ቢቋረጥም ተቋርጦ ይወረዳል።

የጎባው ሌሊት ለሌላም ይጠቅማል። ባትሪውን ሁሉ እዚያ ሙሉ፤ ካርዶቹን ባዶ አድርጉ፤ የካሜራውን ሰዓትና ቀን አስተካክሉ። ሁለት ነገር ደግሞ ከገበያ ግዙ፦ ወፍራም ላስቲክና አንድ ነጭ ነጠላ። ምን እንደሚሠሩ ወደ ታች ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ካሜራ አይከፈትም

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ቦታው ያምራል፣ ጊዜው አጭር ነው፣ እጅ ይበላል። ግን አንድ ሙሉ ቀን በደብተርና በእርሳስ ብቻ እለፉ። ከጎባ ሪራ ድረስ ውረዱ፣ አምስት ወይም ስድስት ቦታ ላይ ቁሙ፣ በእያንዳንዱ ቦታ አራት ነገር ጻፉ፦ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለችና በስንት ሰዓት፣ ምን ድምፅ እንደሚሰማ፣ ማን እንደሚያልፍ፣ መኪናው የት እንደሚቆም።

የፀሐይዋ ነገር እዚህ የተለየ ነው። ባሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች። ዓይን በቅንድብ ጥላ ይዋጣል፣ ኮፍያ የለበሰ ሰው ፊቱ ይጠፋል። በሌሎቹ ወራትም ጠዋት ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያልቃል፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወርቅ የመሰለው ሜዳ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የነጣ ነው። ስለዚህ የውጭ ሥራችሁን ከንጋት እስከ 3 ሰዓትና ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ መሐሉን ለቤት ውስጥ ሾት፣ ለድምፅና ለምግብ አውሉት። ሌሊቱ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነው የሚገኘው። ለዓይን ድንቅ ነው፤ ለባትሪ ግን ክፉ፣ ምክንያቱም ብርድ ባትሪ የሚሰጠውን ጉልበት ይቀንሳል። መለዋወጫ ባትሪዎችን ቦርሳ ውስጥ ከመተው በሸሚዝና በሹራብ መሐል፣ ገላ አጠገብ ያዟቸው።

በዚያው ቀን ከእረኞች ጋር ቁጭ በሉ። ይህ የጨዋነት ምክር ብቻ አይደለም፤ የዕውቀት ምንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ የአንድ ችቦ መሰል አበባ ማር እየላሰ እንደሚጠጣ፣ አንዳንዱም በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ እንደሚጎበኝ በሳይንሳዊ መጽሔት አወጡ። ትልቅ ሥጋ በል አውሬ አበባን እንዲህ አዘውትሮ ሲጎበኝ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው፤ ወሬው በዓለም ዞረ። ቀበሮዎቹን በባሌ ለአሥርታት ያጠኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ ግን አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው መሆኑን ተናግረዋል። አንድ ሰነፍ ቡድን ሳነቴ ላይ ሦስት ቀን ቀበሮ ሲያሳድድ ይውላል፤ ብልህ ቡድን አንድ እረኛ ጠይቆ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል። የአካባቢው ኦሮሞ ቀበሮውን «ጄዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ስሙ ራሱ አንድ ሾት ይጠቁማል፦ በከብቶችና በፈረሶች መሐል ዝም ብሎ የሚሄድ ቀይ እንስሳ።

ሳነቴ ላይ፦ ሰፊውን አስቀድሙ

ሁለተኛው ቀን በንጋት ይጀምራል። እዚህ ዋናው ጠላትም ዋናው ወዳጅም ጭጋጉ ነው። ከሐረና በኩል የሚወጣው እርጥብ አየር ቁልቁለቱን እየተጋፋ ሲነሣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ጠርዙን ዘሎ ሜዳው ላይ ይፈስሳል። ሩቁ ተራራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሁን። አድማሱ የሚታይባቸውን ሰፋፊ ሾቶች በሙሉ ጠዋት ጨርሱ። የፊትና የእጅ ቅርብ ሾቶች ጭጋግ ከመጣም በኋላ ይሠራሉ፤ ሰውየውን መሬቱ ወይም ጥቁር ድንጋይ ከጀርባው እንዲሆን አድርጋችሁ ካሜራውን ከፍ ብታደርጉት ሰማዩ ከፍሬሙ ይወጣል፣ ከጠዋቱ ሾት ጋርም ይጋጠማል። በተቃራኒው ጠዋት በቅርብ ሾት የጀመረ ቡድን ከቀትር በኋላ ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ይቆማል። ከዚህም ሌላ ለታሪካችሁ ሁለት መጨረሻ ጻፉ፤ አንዱ ለጥርት ያለ ሰማይ፣ አንዱ ለጭጋግ። ልጁ ማሩን ይዞ ጭጋጉ ውስጥ ሲጠፋ የሚያበቃ ታሪክ ካላችሁ ያበላሸባችሁ የመሰለው አየር ሥራችሁን ይሠራላችኋል።

ስለ ፊት ብርሃን አንድ ነገር። የሳነቴ ሰማይ በጣም ብሩህ ነው፤ ካሜራው በራሱ እንዲወስን ከተተወ ሰማዩን ለማትረፍ ብሎ የጠይም ሰውን ፊት ያጨልመዋል። ሁልጊዜ ለፊቱ ለኩ፤ ሰማዩ ቢነጣ ይንጣ። ያኔ ነው ነጠላው የሚያስፈልገው፦ ሁለት ሰዎች ወጥረው ከካሜራው ጎን ቢይዙት ፀሐይዋን ወደ ተዋናዩ ፊት ይመልሳል፣ ከላይ ቢዘረጉት ደግሞ የቀትሩን ጨካኝ ብርሃን ያለዝባል። በሺህ ብር የሚገዛ አንጸባራቂ ከዚህ ብዙ አይበልጥም፣ በንፋስም ቶሎ ይጠማዘዛል። ኢትዮጵያዊው ሲኒማቶግራፈር አብርሃም ኃይሌ ብሩ «አቡና»ንና «ዳራት»ን በቻድ ፀሐይ የቀረጸበትን መንገድ ማየት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ የት እንደሚቆሙ ተመልከቱ፣ ጥላ ምን ያህል እንደሚሠራለት ታያላችሁ።

በመሐል ጊዜ ካለ የትዕግሥት ልምምድ አድርጉ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ነው የሚኖሩት፤ ዋና ምግባቸውም በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነው። ከመንገዱ ሳትወጡ፣ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ወይም አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንድ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ረጅሙን ሌንስ ጣሉና ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ጉድጓዱ አፍ ላይ ታርፋለች። ከዚያ አፈሩ ይነቃነቃል፤ ወፍራም ጭንቅላት ብቅ ይላል፤ ሁለት ቢጫ ጥርሶች፣ አናቱ ላይ የተሰቀሉ ትንንሽ ዓይኖች። ዙሪያውን ካለው ሣር አንድ አፍ ሙሉ ነጭቶ ወደ ኋላ ይገባል። ይህ ሁሉ አሥር ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ካሜራውን ቀድሞ ያላስነሣ ያልፈዋል። ምግብ አትጣሉ፣ አታሳድዱ፣ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የጨረሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ሪራ፦ ቤት ውስጥ ያለ አንድ መስኮት የሌለው ክፍል

ከሳነቴ ወርዶ ሪራ መግባት ከበረዶ ቤት ወደ ማድ ቤት እንደመግባት ነው። በመንደሩ ቀርከሃ ግድግዳም አጥርም ዕቃም ይሆናል። ነዋሪዎቹ አፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፣ በብዛትም ሙስሊሞች ናቸው። ከቡድኑ ቋንቋውን የሚችል አንድ ሰው ከሌለ አስጎብኚው የግድ አብሮ ይግባ፤ ሽማግሌውን «ኦቦ»፣ እናቲቱን «አዴ» ብላችሁ ጥሩ። ዓርብ ቀትር ላይ ቀጠሮ አትያዙ። ለቤቱም ሆነ ለሰዎቹ ጊዜ የምትከፍሉትን ሁሉም በተገኘበት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ፊልሙ የት እንደሚታይም ንገሯቸው። «ለክፍል ልምምድ ብቻ» ብላችሁ የቀረጻችሁትን በኋላ ቲክቶክ ላይ ብትለቁት ውሸት ነው።

አሁን ላስቲኩ። ካሜራው ሳነቴ ላይ ሲቀዘቅዝ ውሎ እሳት ወዳለበት ቤት በቀጥታ ከገባ ሌንሱ ላይ፣ አንዳንዴም ውስጡ፣ ጤዛ ይይዛል። ደጅ ላይ እያለ በላስቲኩ ጠቅልላችሁ አፉን እሰሩት፤ ቤት ውስጥ ከእሳቱ ርቆ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ። ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ያን ግማሽ ሰዓት ደግሞ ሌላ ሥራ አለላችሁ፤ የመጀመሪያውን ስኒ ቡና ካሜራ ሳታወጡ ጠጡ። ባለቤቲቱ እናንተን ያየችበት ዓይን ያን ጊዜ ይለወጣል፣ በኋላ ፊቷ ላይ የምትቀርጹትም ያንኑ ነው።

ብርሃኑ ከአንድ በር ነው የሚገባው። መብራት አምጥታችሁ ቤቱን ከማጥለቅለቅ ሰውየውን ወደ በሩ አንድ ክንድ አስጠጉት፤ የፊቱ ግማሽ ይበራል፣ ግማሹ በጥላ ይቀራል፣ ጭሱም በብርሃኑ መስመር ውስጥ ሲያልፍ ይታያል። ካሜራው በሩን እንዳያይ ጎኑን ይያዝ። በሩ ፍሬም ውስጥ ከገባ እንደ ሳነቴው ሰማይ ፊቱን ይበላዋል።

ቡና የሚቆላበትን ሰዓት እንደ ፈተና ያዙት። አንድ ጊዜ የተቆላ ቡና ተመልሶ ጥሬ አይሆንም፤ «ድገሚልን» አይባልም። ስለዚህ አምስት ሾት አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ እጇ ፍሬውን ስታጥብ፣ ምጣዱ ላይ ስትበትነው፣ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሲሄድ በጣም ቀርቦ፣ ጭሱን እያራገበች ስታሸት ፊቷ፣ ከጓዳ የሚያይ ሕፃን። ቡናው ራሱ ይመራችኋል። መጀመሪያ ምጣዱ ላይ ሲንሸራተት ደረቅ ሽው ሽው ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ አንድ ፍሬ ይፈነዳል፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ መንጣጣት ይጀምራል። ድምፁን የሚሰማው ልጅ ለካሜራ ያዡ በእጁ ምልክት ይስጥ። ከፍንዳታው በፊት ያለችው ዝምታ ፊቷን የምትቀርጹባት ጊዜ ናት።

ድምፅ ራሱን የቻለ ትኩረት ይገባዋል

የተማሪ ፊልም በምስል ይወደዳል፣ በድምፅ ይወድቃል። ሳነቴ ላይ ንፋሱ ያለ ፀጉራማ ሽፋን የተተወ ማይክሮፎንን ሙሉ በሙሉ ይደፍነዋል። ሽፋን ከሌላችሁ የበግ ቆዳ ቁራጭ ከነፀጉሩ ቢታሰርበት ብዙ ይረዳል። ሪራ ላይ ጣጣው ሌላ ነው፦ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ ቁልቁለቱን የሚወርድ አይሱዙ፣ ሞተር ብስክሌት፣ አዛን። የሰላት ሰዓቶቹን ከአስጎብኚው ጠይቃችሁ በቀረጻ ሰሌዳው ላይ ጻፉ።

በእያንዳንዱ ቦታ ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ፣ ማንም ሳይናገር፣ የቦታው ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ይቀዳ። በኤዲቲንግ ጊዜ ሁለት ሾት የሚገጣጠምበትን ክፍተት የሚሞላው ያ ነው። ንጋት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ወደ ሐረና ጠርዝ ይውጣ፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲጠራሩ የሚያሰሙት ጎርናና ድምፅ ያለ ምስልም አንድ ትዕይንት ይሆናል።

ማታ፦ የግምገማው አሠራር

እራት ከተበላ በኋላ፣ ማንም ሳይተኛ። መጀመሪያ ካርዶቹ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልበጡ፤ ሁለቱ ዲስኮች በሁለት የተለያዩ ሰዎች ቦርሳ ይደሩ። ሁለቱም ተከፍተው እስኪታዩ ካርዱ አይደምሰስ።

ከዚያ የቀኑን ቀረጻ ሦስት ጊዜ እዩ። በመጀመሪያ እንዳለ። ሁለተኛ ድምፁን ዘግታችሁ፤ ታሪኩ ያለ ድምፅ ይገባል ወይ? ሦስተኛ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ በመስማት ብቻ። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፣ ብዙ ስህተት የሚገኘውም እዚያ ነው።

አነጋገሩ ሥርዓት ይኑረው። ካሜራ ያዡ ይጀምር፣ ድምፅ ይቀጥል፣ ተዋናዩ ይናገር፣ ዳይሬክተሩ መጨረሻ። ዳይሬክተሩ ከቀደመ ሌሎቹ እሱን ያስተጋባሉ። ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ውሳኔ ይነገር፦ «አንተ አበላሸኸው» በሚባልበት ቤት በማግስቱ ማንም ስህተቱን አይናዘዝም። አንድ ሰው ጸሐፊ ሆኖ ለእያንዳንዱ የተበላሸ ሾት አራት መስመር ይጻፍ። እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

«ሾት 14፣ ልጁ ከጅባራው ጀርባ ብቅ ይላል። ያሰብነው፦ ትንሽ ሆኖ እንዲታይ። የወጣው፦ ጅባራው ራሱ ትንሽ መሰለ፣ መጠኑ አይታወቅም። ምክንያት፦ ካሜራው በዓይን ከፍታ ነበር፣ አጠገቡ የሚመዘን ነገር አልነበረም። ነገ፦ ልጁ ጅባራውን ተደግፎ ይቁም፣ ካሜራው ከጉልበት በታች።»

የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጥቅሙ «ለምን» የሚለው መስመር ነው። «ብርሃኑ መጥፎ ነበር» ምክንያት አይሆንም፤ «4 ሰዓት ላይ ደርሰን ሳለ ጠዋት እንደሆነ አድርገን ቀረጽን» ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ለነገ ምንም አይነግርም፣ ሁለተኛው የማንቂያ ደወሉን ስንት ሰዓት ላይ ማድረግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ጥሩ የወጣውንም በዚሁ መንገድ ጻፉ፤ በአጋጣሚ የተገኘ ውበት ምክንያቱ ካልታወቀ አይደገምም። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤቶች ካልተኙ የራሳቸውን ምስል አሳዩአቸው። እናቲቱ «ይህ እንዳይታይብኝ» ያለችው ሾት ዲስኩ ላይ ምልክት ይደረግበትና ከፊልሙ ይውጣ።

ሦስተኛው ቀን አንድ ትዕይንት ብቻ

በመጨረሻው ጠዋት አዲስ ነገር የመቅረጽ ፍላጎቱ ይበረታል። አትሸነፉለት። ከሁለተኛው ቀን ማታ ደብተር ውስጥ በጣም የወደቀውን አንድ ትዕይንት ምረጡና በጻፋችሁት እርማት መሠረት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት እንደገና ሥሩት። የቀድሞውን አታጥፉት። ትምህርት ቤት ስትመለሱ ለመምህራችሁ የምታቀርቡት ዋናው ሥራ የሁለቱ ንጽጽር ነው፦ ፊተኛው፣ ኋለኛው፣ በመሐላቸው ያለው የደብተር ገጽ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እያንዳንዱ አባል ለብቻው ሁለት ገጽ ይጻፍ፣ ሳይነጋገሩ። የድምፅ ባለሙያው ያስታወሰው ቀን ዳይሬክተሩ ካስታወሰው ይለያል፤ ልዩነቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ቡድኑ የት ላይ እንዳልተነጋገረ ያሳያል። የፊልሙ ግልባጭም ሪራ ይድረስ። አስጎብኚው በስልኩ ይዞ እንዲያሳይ ላኩለት፣ ለባለቤቲቱም አንድ የታተመ ፎቶ ጨምሩ።

በመመለሻው ላይ አንድ ሥራ ይቀራል። ሳነቴ መሐል መኪናውን አቁሙ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ስልኮች ይዘጉ፣ ማይክሮፎኑን ከንፋሱ ተቃራኒ አዙራችሁ ሁለት ደቂቃ ቅዱ። በመጀመሪያው ቀን ደብተራችሁ ላይ «ምን ድምፅ ይሰማል» ከሚለው ጎን የጻፋችሁትን አውጡና፣ ቀረጻው እየሄደ ሳለ፣ ያኔ ያልሰማችሁትን ከሥሩ ጨምሩበት።